ስምንት አተር

ዘጠነኛው የት ገባ?

ያን ቀን ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ራሴን የጠየቅኩት ይህንኑ ነው። ትሪውን አየሁ፣ የትሪውን ሥር አየሁ፣ ቀሚሴን ተነስቼ አራገፍኩ፣ የተቀመጥኩበትን ትራስ ገለበጥኩ። ያለኝ አተር ስምንት ነው።

ቤታችን ከድንጋይ ካባው አንድ ኪሎ ሜትር አይሞላም። እዚያ ካባ ውስጥ ሁለት ሰው አለኝ። አንደኛው ልጄ ነው፤ ኤክስካቫተር ይነዳል፣ የተፈነዳውን ድንጋይ እየዛቀ መኪና ላይ ይጭናል። ሁለተኛዋ የእሱ ልጅ፣ የእኔ የልጅ ልጅ ናት፤ ድንጋዩን የምታፈነዳው እሷ ናት። ልጅ ታፈነዳለች፣ አባት ይዝቃል። እንዲህ ላለ ሥራ ካንድ ቤት አንድ ሰው ይበቃል ብዬ ስንቴ ተናግሬአለሁ። ማን ሰምቶኝ።

ትልቁ ፍንዳታ በሳምንት አንዴ ነው፤ ባንዴ ተንጎዳጉዶ ያበቃል፣ የሚቆጠር ነገር የለውም። የየቀኑ ግን ሌላ ነው። ከትልቁ ፍንዳታ የተረፉ፣ መፍጫ ማሽኑ የማይቀበላቸው ቋጥኞች ይቀራሉ። እያንዳንዱ ይበሳል፣ ደማሚት ይገባበታል፣ የሚለኮስ ክር ይቀጠልለታል። ሠራተኛው ለምሳ ሲወጣ የልጅ ልጄ ክሮቹን በየተራ ለኩሳ ዘወር ትላለች። ቋጥኙ ሁሉ ለየብቻው ይጮኻል። የተለኮሰው ዘጠኝ ከሆነ የሚሰማውም ዘጠኝ መሆን አለበት። ስምንት ከተሰማ፣ አንዱ ደማሚት ድንጋይ ውስጥ ተኝቶ የኤክስካቫተሩን ጥርስ እየጠበቀ ነው ማለት ነው።

ይህን ያስተማረኝ ባለቤቴ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና። እሱም የደማሚት ሰው ነበር። አንድ ቀን ሲቆጥር የካባው ጌታ መጥቶ ወሬ ያዘው፤ ሰባቱን ስምንት ብሎ ወደ ድንጋዩ ሄደ። ከዚያ ወዲያ አሥራ አንድ ዓመት የሸሚዙን ቁልፍ የቆለፍኩለት እኔ ነኝ። ቀኝ እጁ አልነበረማ።

ስለዚህ የልጅ ልጄ በየጠዋቱ ቁጥሯን ሳትነግረኝ ከበር አትወጣም። “ስንት?” እላታለሁ። “ስድስት” ትላለች፣ ወይም “አሥር”። አንዳንዴ ደግሞ ትነጫነጫለች፤ “ሰው እንዴት አደርሽ ይባላል እንጂ ስንት ይባላል?” ትለኛለች። እንዴት እንዳደርኩ ስድስት ሰዓት ሲያልፍ ነው የማውቀው። ሰዓቱ ሲደርስ የምለቅመውን አተር ይዤ መስኮቱ ሥር እቀመጣለሁ፤ በጮኸ ቁጥር አንዲት ፍሬ ወደ ትሪው ጠርዝ እገፋለሁ።

ያን ቀን ጠዋት “ዘጠኝ” ብላኝ ነበር የወጣችው።

እርግጥ ነው፣ እኔም ተሳስቼ አውቃለሁ። ባለፈው ወር ጉንፋን ይዞኝ፣ ጆሮዬ ተደፍኖ፣ ከሰባቱ ስድስቱን ብቻ ሰማሁ። በቤት ነጠላ ጫማ፣ ጃንጥላዬን ይዤ እስከ ካባው ድረስ ሮጥኩና ልጄ ከሚነዳው ኤክስካቫተር ፊት ቆምኩ። ሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆመ። ድንጋይ በድንጋይ ፈተሹ፤ ምንም አልተገኘም። ፎርማኑ ሳቀ፣ የመኪና ሾፌሮቹ ሳቁ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ “እማማ ሳይረን” ሆነ። የልጅ ልጄ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ፤ ሁለተኛ ካባው ደጃፍ እንዳልደርስም አስማለችኝ። እኔም ማልኩ፣ ምን ላድርግ።

እና አሁን ማን ያምነኛል? እኔ ራሴስ ራሴን አምናለሁ?

ስድስት ሰዓት ተኩል አልፎ ሁለቱም ለምሳ መጡ። ልጄ ቦት ጫማውን በሩ ላይ አወለቀ፤ አቧራውን ይዞ ቢገባ ምን እንደምለው ያውቃል። እሷ የሚያንጸባርቀውን ሰደርያዋን ከበሩ ጀርባ ሰቀለች፣ ሥራ የምታስቆምበትን የተጠቀለለ ቀይ ባንዲራዋን ከሥሩ አስደገፈች። መኮሮኒውን አቀረብኩ። አንድ ጉርሻ እስኪውጡ ታገስኩ። ከዚያ በላይ አልቻልኩም።

“ስንት ጮኸ?”

“ዘጠኝ” አለች።

“እኔ የሰማሁት ስምንት ነው።”

“ተጀመረ” አለ ልጄ አፉን እንደሞላ። “እማማ ሳይረን ሥራ ገቡ።”

“አንተ ዝም ብለህ ብላ።”

“ሁለቱ አብረው ነው የጮኹት” አለች የልጅ ልጄ፣ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ። “አምስተኛውና ስድስተኛው።”

“አብረው ቢጮኹ ድምፁ ይወፍር ነበር።”

“ወፍሯል።”

“አልወፈረም።”

“እማማ፣ እኔ ሁለት መቶ ሜትር ላይ ነበርኩ። አንቺ እዚህ መስኮት ሥር አተር ስትለቅሚ ነበር።”

እውነቷን ነው። የሚያናድደኝም እውነቷን መሆኑ ነው። ግን ጉንፋኔ ከለቀቀኝ ሦስት ሳምንት ሆኖኛል፤ ያን ቀን ጎረቤት በር ሲዘጋ፣ ውሃ ሲንጠባጠብ ሳይቀር ሲሰማኝ ነው የዋለው።

“እሺ፣ ስትመለሺ አይተሻቸዋል? ዘጠኙንም?”

“አይቻለሁ።”

“ቀርበሽ?”

“አቧራ ነበር። ከወዲህ ሆኜ አየሁት፣ ተሰባብሯል። ፎርማኑ ደግሞ ‘የምሳ ሰዓታችን እያለቀ ነው፣ ልቀቂን’ እያለ ከመጀመሪያው ጀምሮ ራሴን ሲያዞረው ነበር። ዘጠኝ ብዬ ፈርሜያለሁ። አለቀ።”

እኔ አፌን ስከፍት ነው ሁሉ ነገር የሚያልቀው። የቀሪው ሰው ወሬማ ማለቂያ አለው?

ልጄ ሰሃኑን ወደዚያ ገፋ አድርጎ ተነሳ። በሰባት ሰዓት ተኩል ሥራ ይጀመራል፤ ያን ክምር መጀመሪያ የሚነካው ደግሞ የእሱ ማሽን ነው። በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ አንዱን ጫማ አጠለቀና ቀና አለ።

“አንዱስ?”

“አንዱ ምን?” አልኩ።

“ጫማዬ። አሁን እዚህ ነበር።”

“እኔ ምን አውቄ። ፈልገው።”

ግራ ቀኝ ተመለከተ። ከዚያ የተቀመጥኩበት ዱካ ላይ አፈጠጠ። ቀሚሴ ረጅም ነው፣ የዱካውን እግር ይሸፍናል፤ ግን የቦት ጫማ አፍንጫ ትልቅ ነገር ነው።

“እማዬ፣ እስቲ ተነሺ።”

“እግሬን ቆረጠመኝ።”

“እግርሽን ማን ጠየቀሽ? ጫማዬን ነው የጠየቅኩሽ።”

“በአንዱ ሂድ።”

ሳቀ። እሱ እናቱ ላይ ካልሳቀ ሥራው የማይሄድለት ይመስለዋል፤ አባቱ ቤት ሲገባ ሸሚዙ በደም ርሶ እንደነበረ ያየ ልጅ እንዲህ መሳቁ ሁልጊዜ ይገርመኛል። የልጅ ልጄ ግን አልሳቀችም። ሹካዋን አስቀመጠች።

“ባለፈው ወር ያደረግሽኝ አይበቃም፣ እማማ? እስካሁን ‘ወረቀቱን አያትሽ ይፈርሙልሽ’ እያሉ ነው የሚያሾፉብኝ። እዚያ ካባ ውስጥ ደማሚት የምትይዝ ሴት እኔ ብቻ ነኝ። ዛሬ ሄጄ ‘ተሳስቼ ሊሆን ይችላል’ ብል፣ ነገ ባንዲራውን ለሌላ ሰው ነው የሚሰጡት። ይገባሻል?”

“ይገባኛል።”

“ታዲያ ለምን አትተዪኝም?”

“አሁን ዓይኔ ደክሟል” አልኳት። “የአባትሽን ሸሚዝ ልቆልፍለት ብል ቁልፉን እንኳ አላየውም። ለዚህ ነው የማልተውሽ።”

ልጄ ባንድ እግሩ ጫማ፣ ባንድ እግሩ ካልሲ እንደሆነ በሩ ላይ ቆሟል። ፈገግታው ግን ጠፍቷል። የሆነ ነገር ሲያሰላ ግንባሩ ይሸበሸባል፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ።

“ሁለቱ አብረው ጮኹ ነው ያልሽው?” ብሎ ልጁን ጠየቃት።

“አልኩ እኮ።”

“ክሩን እኩል ነበር እንዴ የቆረጥሽው?”

“ምን ነክቶኝ እኩል እቆርጣለሁ? አያቴ ባሳየኝ ነው የምቆርጠው። ቀጥሎ የሚለኮሰውን ሁሉ ከፊተኛው አንድ ስንዝር አስረዝሜ…”

እዚህ ላይ ቆመች።

ባለቤቴ ያንን ያሳያት ሕፃን ሳለች፣ በልብስ ማስጫ ገመድ ላይ፣ በቀረችው በግራ እጁ ስንዝር እየለካ ነበር። እንደ ጨዋታ። “አንድ ስንዝር ጨምሪለት፣ ሁለቱ አብረው እንዳይጮኹብሽ፣ አብረው ከጮኹ ቁጥር ይጠፋሻል” ይላት ነበር። እሷ ተራ ደርሷት ትንሿን መዳፏን ገመዱ ላይ ትዘረጋለች፣ እኔ የታጠበ ልብስ ይዤ ጨርሱልኝ እያልኩ እቆጣለሁ። በስንዝር የሚበላለጥ፣ በየተራ የተለኮሰ ክር ደግሞ እኩል አይደርስም። ይህን ከሦስታችን የማያውቅ አልነበረም።

“ስትቆጥሪ ፎርማኑ አጠገብሽ እያወራ ነበር?” አልኩ።

ስልኳን ሰሃኑ አጠገብ አስቀመጠች።

ልጄ ደረጃው ላይ ቁጭ አለና ያጠለቀውን ጫማ ክሩን ፈታ፣ አወለቀው፣ ወደ እኔ ገፋው። “ይሄንንም ጨምሪው” አለኝ።

“አላልኩም?” የምልበትን ቀን ስጠብቅ የኖርኩ ሰው ነኝ። ቀኑ ሲደርስ አፌ አልታዘዝ አለ። ዱካዬ ላይ እንደተቀመጥኩ ትሪውን ብቻ ወደ እሷ አስጠጋሁላት።

አተሮቹን አየቻቸው። በጣቷ አንድ ባንድ ነካቻቸው፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። የመጨረሻው ላይ ስትደርስ ጣቷ የሚቀጥለውን ፈልጎ ትሪው ላይ ትንሽ ዞረ።

ተነሳች። ሰደርያዋን ለበሰች፣ ቁልፉን እስከ አንገቷ ድረስ ቆለፈች፣ ቀዩን ባንዲራ ከበሩ ጀርባ አነሳች። አባቷ እንድታልፍ እግሩን ሰበሰበ። መኮሮኒዋ ግማሽ ቀርቷል፣ ስልኳ ሰሃኑ አጠገብ እንደበራ ነው። ፊቷን ወደ ካባው አዙራ ባንዲራውን እየፈታች ወጣች።