ለሁለት ሰው የሃዋይ እራት

ምግቡ ጠረጴዛው ላይ ከማረፉ ጀማለዲን ብድግ ሊል ሲል ሐጀራ ክንዱን ያዝ አደረገችው።

"የት ልትሄድ ነው?"

"እነዚያ ልጆች ምግባቸው ገና አልመጣላቸውም። ቅመሱ ልበላቸው እንጂ።"

"ማንንም ላትጠራ ቃል ገብተህልኛል፣ ጀማል።"

ተመልሶ ተቀመጠ። አጠገባቸው ያሉት ወጣት ጥንዶች ስልካቸው ላይ አቀርቅረው እሱን ልብም አላሉት። እሱ ግን ከሰው ተደብቆ የሚበላ መሰለውና አፈረ።

ጀማለዲን ከአንዋር መስጊድ ጀርባ የብርድ ልብስ ጅምላ ነጋዴ ነው። በሱቅ ተራው በሀብት የሚበልጡት ሞልተዋል፤ እሱ ብቻውን ሲጎርስ ያየ ግን የለም። ምሳ ዕቃው ሲከፈት ግራ ቀኙ ያሉት ባለሱቆች፣ ተሸካሚዎቹ፣ ዋጋ ሊጠይቅ ቆም ያለ ደንበኛ ሳይቀር እጁን ይታጠባል። ቤትም ያው ነው፤ ከክፍለ ሀገር ዕቃ ሊጭን የመጣ እንግዳ የሌለበት እራት የለም። ሰው ሁሉ ቸርነቱን ያወራለታል። ቸርነቱን ስታበስል የኖረችው ግን ሐጀራ ናት። ሦስት ልጆች አሳድጋ፣ ሱቁን ከእሱ እኩል እየጠበቀች፣ ከባሏ ጋር ሁለት ብቻ ሆነው አንድ ቀን እንኳ በልተው አያውቁም። ባለፈው ሳምንት ይህንኑ ነገረችው። አልተቆጣችም፤ "አንድ ማታ ካንተ ጋር ብቻ ልብላ" ነው ያለችው። እሱንም ከቁጣ ይልቅ ይሄ አስደነገጠው።

ቦሌ ቢወስዳት የሚያውቀው ሰው አይገጥመውም ነበር። የእስላም ሥጋ መሆኑን እርግጠኛ ልሁን ብሎ ግን እዚያው መርካቶ፣ አዲሱ ሕንፃ ላይ የተከፈተው የሃዋይ ምግብ ቤት አመጣት። ባለቤቱ ፉርቃን የሰፈሩ ልጅ ነው፤ ዱባይ ከተማ ሆቴል ውስጥ የሃዋይ ምግብ ሲሠራ ኖሮ ተመልሶ የአገሩን ቅመም ቀላቀለበት። በር ላይ አስተናጋጇ እንደ ሃዋይ ልማድ ለሁለቱም የአበባ ጉንጉን አጠለቀችላቸው። ሐጀራ አበባውን ዳበስ አድርጋ፣

"ፕላስቲክ ነው፤ ከእኛው ተራ ነው የገዙት" ብላ ሳቀች።

አሁን ከፊታቸው እንደ ክትፎ የተከተፈ ጥሬ ዓሣ በሚጥሚጣና በቅቤ ተለውሶ፣ ከቆጮና ከተጠበሰ አናናስ ጋር ቀርቧል። በመስኮቱ ቁልቁል አዲሱ ባቡር ሲያልፍ ይታያል።

ሐጀራ ቀመሰችና ዓይኗን ጨፈነች።

"ምነው? አልጣመሽም?"

"ጥሞኛል። አባቴ ግን ይሄን ቢያይ፣ ክትፎውን ማን ባሕር ከተተው ይል ነበር።"

ጀማለዲን ሳቁ ትን አለው። ውሃ እያቀበለችው እሷም ሳቀች። ለካ እንዲህ ተጫዋች ነበረች። በየማዕዱ እሱ ከእንግዶቹ ጋር ሲስቅ እሷ ጓዳ ነበረች፤ ይሄ ሁሉ ጨዋታ እዚያው ሲቀር ኖሯል። ይህን ሲያስብ ከፋው፤ ደግሞም ይህቺ ሴት የእሱ በመሆኗ ኮራ።

"ጀማል! አንተም እዚህ ነህ እንዴ?"

ሙናዊር ነበር፤ ሱቃቸው ግድግዳ ለግድግዳ ነው። ጀማለዲን ታሞ የተኛ ጊዜ ሁለቱንም ሱቅ ከፍቶ ሲሸጥ የከረመ ሰው ነው። ከጅማ የመጡ ሁለት ደንበኞቹን አስከትሏል። ሐጀራን ሰላም እያለ አንዱን ወንበር ሳበ፤ በጀማለዲን ማዕድ ጥሪ የሚጠብቅ የለም።

"ኑ፣ ቁጭ በሉ! የጀማል ገበታ የሁላችንም ነው" አላቸው ደንበኞቹን።

ሐጀራ ከልማድ ብቻ ሳህኑን ወደ መሃል ገፋ አድርጋ፣ ወንበሯን ወደ ዳር ሳብ አደረገች። ጀማለዲን ይህን አየ። ሙናዊር የሳበውን ወንበር በእጁ ያዘው።

"ሙናዊር ወንድሜ፣ ዛሬ አይሆንም።"

"ምኑ?"

"እንግዳ አለብኝ።"

ሙናዊር ዞር ዞር ብሎ አየ። "የታል እንግዳህ?"

"ይቺውልህ። ሐጀራ።"

የጅማ ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። ሙናዊር ባልና ሚስቱን፣ አንገታቸው ላይ ያለውንም አበባ አየና፣

"እሺ ሙሽራው" አለ። ሳቁ ግን አልሞላለትም። ሰዎቹን ይዞ ወዲያ ጥግ ካለው ጠረጴዛ ተቀመጠ።

ጀማለዲን ወደ ጥጉ ጠረጴዛ ሰረቅ አድርጎ አየ።

"ነገ በተራው ሁሉ ስሜ ስስታም ነው" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ቶሎ ቶሎ እንብላና እንሂድ።"

የቸርነት ስሙን ለማግኘት ስንት ዓመት እንደፈጀበት ከሐጀራ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ዛሬ ለእሷ ሲል በሰው ፊት አሳልፎ ሰጠው። በሕይወቷ እንደዚህ ኮርታ አታውቅም። ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው መልሳ አስጠጋች።

አስተናጋጇ መጥታ ሊያልቅ ወደተቃረበው ሳህን እጇን ዘረጋች። "ላንሳው፣ እትዬ?"

"ተይው" አለች ሐጀራ፣ ጥግ ድረስ በሚሰማ ድምፅ። "አንድ ሌላ ጨምሪልን። እኛ ገና ነን።"