የሁለቱ ኩታዎች ቋጠሮ

ሳቅ ለሰው ልጅ የተሰጠ ጸጋ ሆኖ ሳለ፣ ሰውን አታልሎ የሚያስቅ ተንኰል ግን ጸጋ ይሁን መርገም ጠቢባን ተከራክረው ያልጨረሱት፣ ሊቃውንትም መርምረው ያልቈረጡት ነገር ነው፤ እኛም ልንፈርድበት ሳይሆን፣ አስተዋይ አንባቢ ሆይ፣ በአንድ የጎጃም ደብር የሆነውን ልንተርክልህ ተነሥተናል።

በዚያ ደብር ግራዝማች ቢተውና ባላምባራስ አድማሱ የሚባሉ የተከበሩና የተፈሩ ሁለት ወዳጆች ነበሩ፤ የግራዝማች ሴት ልጅም ለባላምባራስ ወንድ ልጅ ታጭታ የሠርጉ ቀን ተቈርጦ ሳለ፣ ከቀልድ በቀር ሱስ የሌላቸው ባላምባራስ በንግሥ ዕለት የወዳጃቸውን በቅሎ የኮርቻ ማሰሪያ በስውር አላሉትና፣ ግራዝማች በካህናቱና በሕዝቡ ፊት ከነካባቸው ከበቅሎዋ ሆድ ሥር ተገኙ። ሕዝቡ ሳቀ፤ ግራዝማች ግን የማን ሥራ እንደ ሆነ ዐውቀው ተቈጡ፤ በሚመጣው እሑድ በሰንበቴው ማኅበር ፊት ቆመው እጮኛነቱን ሊያፈርሱም ማሉ። ልጅቱ እህል አልቀምስ አለች። ይህን ያየችው የግራዝማች ታናሽ እህት ትሁኔ በልቧ አንድ ነገር መከረች።

እሑድ ደርሶ ሁለቱ ላለመተያየት ጀርባ ለጀርባ በተቀመጡ ጊዜ፣ ጠላ የምትቀዳው ትሁኔ ጎንበስ ቀና ስትል ኩታቸውን ጫፍ ለጫፍ ቋጠረችው፤ ግራዝማችም ቃላቸውን ሊናገሩ ብድግ ቢሉ ባላምባራስን ጎትተው ጣሉ፣ ራሳቸውም በላያቸው ወደቁ። በዚያ ዘመን ከሳሽ ተከሳሹን ልብስ ለልብስ ቋጥሮ ለዳኛ ያቀርብ ነበርና፣ ቋጠሮውንም ከዳኛ በቀር የሚፈታው አልነበረምና፣ እንደ ተቈራኙ በሰንበቴው አለቃ በመሪጌታ ፍሥሐ ፊት ቆሙ።

«ከሳሽ ማን ነው?» አሉ መሪጌታ።

«እሳቸው ይሆናሉ እንጂ እኔስ ማንንም አልቋጠርሁ» አሉ ባላምባራስ።

«እኔ ከእርስዎ ጋር ልታሰር? ምን በወጣኝ» አሉ ግራዝማች።

«እንግዲያስ ከሳሽ እስኪገኝ እንደ ታሰራችሁ ተቀመጡ። ትሁኔ፣ በአንድ ዋንጫ ቅጂላቸው።»

«ከሳሹ ከዘገየ» አለች ትሁኔ ፈገግ እንኳ ሳትል፣ «ማታ ሰፋ ያለ መደብ ላንጥፍላቸው ይሆን?»

ማኅበሩ በሳቅ ፈረሰ። ግራዝማችም ጥምጥማቸው አፍንጫቸው ላይ የወረደውን ባላምባራስን ዘወር ብለው ቢያዩ ሳቅ አመለጣቸው። «ያን ዕለት ከበቅሎዋ ሥር ብቻዬን ነበርሁ» አሉ፤ «ዛሬስ ጓደኛ አገኘሁ።» ባላምባራስ ይቅርታ ለመለመን ጉልበታቸውን ሊስሙ ሲያጎነብሱ፣ ቋጠሮው ግራዝማችንም አብሮ አጎነበሳቸውና ግንባር ለግንባር ተላተሙ።

ሠርጉም በቀኑ ሆነ፤ የቀልድ ክፋቱ ሰውን መጣሉ አይደለም፣ ብቻውን መጣሉ ነው እንጂ።