የምሳ ሻይ ክልክል ነው

ይህ ሁሉ ጉድ የፈላው ባለቤቴ ጌንያ ስልሳ አምስት ዓመት ሊሞላት ሁለት ወር ሲቀራት ነው። ከዚያ ዕድሜ በኋላ ደም መለገስ አይፈቀድም። ጌንያ ደግሞ የለጋሾችን ሜዳሊያ ለማግኘት አንድ ልገሳ ብቻ ነበር የቀራት። እኔ የራሴን ከተቀበልኩ ሰባት ዓመት አልፎኛል። ሰርግ ላይ አደርገዋለሁ፣ ቀብር ላይ አደርገዋለሁ፣ አንዳንዴ ድንች ልገዛ ስወጣም አደርገዋለሁ። ምን ይደረግ፣ ያምርብኛል!

የደም ልገሳው አውቶብስ እሳት አደጋ ጣቢያው ደጃፍ ሲቆም አብረን ሄድን። ጌንያ ዳገቷን ስትወጣ ሦስት ጊዜ ቆማ ተነፈሰች። ነርሷ ሲስተር ቦዠና ጣቷን ወጋ አድርጋ ለካችና ፊቷን ቅጭም አደረገች።

«ሄሞግሎቢንዎ አስራ ሁለት ነጥብ አንድ። አስራ ሁለት ነጥብ አምስት ካልሞላ አልቀዳም እትዬ ጌንያ። ደም አየር የሚሸከመው በብረት ነው፣ ብረት ያለው ምግብ ይብሉ። ከልደትዎ በፊት ባለው እሁድ እንመለሳለን።»

ብረት ከሆነማ! ጎረቤቶች ፖም ላይ ሚስማር ሰክተሽ አሳድሪና ብዪው አሏት፤ እኔም መዶሻዬን ይዤ ተነሳሁ።

«ሚስማሩን ራስህ ብላው!» አለችኝ።

ስለዚህ ወደ ምግቡ ዞርን። ጉበት በሽንኩርት፣ ባቄላ፣ የቀይ ስር ሾርባ፣ አሁንም ጉበት። መንደሩ ውስጥ ያለ ድመት ሁሉ እኛ በር ላይ ተሰለፈ። ወሩ ሲያልቅ ጤና ጣቢያ ሄዳ ብትለካ ያው አስራ ሁለት ነጥብ አንድ! የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይሄ ነው። ጌንያ የዚያን ቀን አለቀሰች፤ እኔም ጓሮ ሄጄ ከዶሮዎቹ ጋር ተጣላሁ።

በማግስቱ ሲስተር ቦዠና እንቁላል ልትገዛ ምሳ ሰዓት ላይ ብቅ አለች። እኔ እንደ ወትሮዬ ጥቁር ሻይ አፍልቼ ከጌንያ ሳህን አጠገብ አስቀመጥኩ።

«ጋሽ ቫሌንቲ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ሻይ ነዋ!»

«እትዬ ጌንያ ሁልጊዜ ከምግብ ጋር ነው የሚጠጡት?»

«ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት! አርባ አንድ ዓመት ሙሉ!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

«እንግዲያው ብረታቸውን የሚሰርቋቸው እርስዎ ነዎት! ወፍራም ሻይ ብረቱን ሆድ ውስጥ ይዞ ያስቀረዋል፣ ወደ ደም አያሳልፈውም። ከምግብ ጋር ሎሚ ወይም የኮመጠጠ ጥቅል ጎመን ይስጧቸው፣ እሱ ያሳልፍላቸዋል። ሻዩ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቆይቶ ይሁን!»

ጌንያ በሳቅ ከወንበሯ ልትወድቅ ምንም አልቀራትም። «ሌባዬ!» አለችኝ፣ እንባዋን እየጠረገች።

እኔ ግን አልሳቅሁም። እውነቱን ልናገር፣ እወድሻለሁ ማለት አይሆንልኝም፤ ሻይ ነው የማፈላው። በአርባ አንድ ዓመት ውስጥ ልቤን የሰጠኋት በብርጭቆ ነበር። አሁን ምሳ በደረሰ ቁጥር እጄን የማስቀምጥበት አጣሁ። የጎመኑን ጭማቂ ስቀዳላት ፊቷ ጭምድድ ይላል፣ ደግሞ «ጨምር!» ትለኛለች።

እሁዱ ደረሰ። ዳገቷን አንድ ጊዜም ሳትቆም ወጣችው! እኔ ሜዳሊያዬን እያንቃጨልኩ፣ እያለከለክሁ «ኧረ ቀስ በይ አንቺ ሴትዮ!» እላለሁ፤ እሷ ዞርም አላለች።

ሲስተር ቦዠና ጣቷን ወጋች። አውቶብሱ ውስጥ ያለነው ሁሉ አንገታችንን አሰገግን።

«አስራ ሁለት ነጥብ ስድስት!»

እልል ያልኩት እኔ ነኝ። የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ አጨበጨቡ። ጌንያ አልጋው ላይ ተኛች፤ የደሙ ከረጢት ሞቅ ብሎ ሞላ፣ እሷም የለጋሾችን ቸኮላት ተቀብላ አንዱን እዚያው ገመጠችው።

«በል ቫሌንቲ፣ አሁን ሻይ አምጣልኝ።»

ሰዓቴን አየሁ። «አሁን ነው የበላሽው! አንድ ሰዓት ይሙላ።»

«እና እስከዚያ ምን ልትሰጠኝ ነው?»

እጄን አየሁት፤ ባዶ ነው። ጆሮዬ ጋለ። የመንደሩ ሰው ሁሉ እያየኝ ነው።

«እወድሻለሁ» አልኩ፣ ወደ ጫማዬ እያየሁ።

«አልሰማሁም!»

«እወድሻለሁ አልኩ እኮ!»

ጌንያ ቸኮላቷን ጎረሰችና በተኛችበት ተመቻቸች። «አንድ ሰዓት ነው ያልከው» አለች። «ቀጥል።»