አንጓ የሌለው ቅጠል

«ቡና ጨምሪልኝ፣ ኢንዳይ፤ ስኳሩንም አትሰስቺ። ሟቿ እንደሁ አሁን አታይሽም» አለች ጎረቤቷ ናንግ ተርሲንግ፤ ወጣት ሴትን ሁሉ «ኢንዳይ» ነው የምትለው።

ሜርሊንዳ ቀዳችላት። የአማቷ የናናይ ቪሲታስዮን ሬሳ ሳሎን ከተጋደመ አራተኛ ቀኑ ነው። ባሏ ለሥራ መርከብ ላይ ስለሆነ ለቀስተኛውን የምታስተናግደው እሷ ብቻ ናት። ለቀስተኛ ከተባለ! ከአንገት በላይ አልቅሰው ብስኩቱን ይቆረጥማሉ፣ ካርታ ይጫወታሉ፤ ዓይናቸው ግን ከሣጥኑ ይልቅ በሩ አጠገብ ያለው ሐረግ ላይ ነው። የኮኮናት ቃጫ በተጠቀለለበት ምሰሶ ተጠምጥሞ ጣሪያ ነክቷል፤ ቅጠሉ ብር የተቀባ ይመስላል። በሰፈሩ ለሌላ ሰው እንዲህ ወጥቶለት አያውቅም።

በአገሩ ልማድ ለቅሶ ቤት እንግዳ አይሸኝም፤ የሸኘን ሰው ሞት ይከተለዋል። ይህን ስለሚያውቁ ብቻቸውን ይወጣሉ፤ በሩ ጋ ሲደርሱም ከሐረጉ ቀጭ! ሬሳ ካልወጣ ቤት አይጠረግምና የቀነጠሱት ርጋፊ ወለሉ ላይ ይቆያል። ሜርሊንዳ እያየች በሆዷ ትሰድባቸዋለች።

ሟቿም ብትሆን የምታሳዝን አልነበረችም። በየጠዋቱ ሐረጉን የሩዝ እጣቢ ታጠጣዋለች፣ ቅጠሉን አንድ በአንድ በእርጥብ ጥጥ ትወለውለዋለች፤ የልጅ ልጇን ንፍጥ ግን አንድ ቀን ጠርጋ አታውቅም። ሜርሊንዳንም የተከለችው አይበቅልም ብላ «እጀ ድንጋይ» ነበር የምትላት። የዛሬ ሁለት ዓመት አንድ ቅጠል ጠርሙስ ውስጥ ነክራ ሰጠቻት።

«አዲስ ቅጠል ያወጣልሽ ዕለት ልጄ እልሻለሁ።»

ቅጠሉ ሥር ሰደደ፤ ሥሩ ጠርሙሱን ሞላ። አዲስ ቅጠል ግን የለም። ሜርሊንዳ ውሃ ቀየረች፣ ቦታ ቀየረች፣ ለድንግል ማርያም ሻማ ተሳለች። አሮጊቷ በየጠዋቱ ብቅ ትልና «ዛሬስ?» ብላ ትስቅባታለች።

ናንግ ተርሲንግ መስኮቱ ላይ ያለውን ጠርሙስ አይታ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አንቺንም ሸወደችሽ?»

«እንዴት?»

«አንጓ የለውማ! ከነአንጓው ካልተቆረጠ ሥር እንጂ ቡቃያ አይሰጥም። እኔንም አምስት ዓመት ስቃብኛለች፤ ቄሱን አባን ሳይቀር! ‹ለማልወደው ቅጠል፣ ለምወደው አንጓ› ነበር የምትለው።»

«አንጓውን ለማን ሰጠች?»

«ለማንም አልሰጠች!»

ሜርሊንዳ ሣጥኑ ፊት ሳቀች። ሌቦቹም የቀነጠሱት ቅጠል ብቻ ነው፤ ቤታቸው ወስደው ይጠብቁ! ከዚያ እጆቿን ገልብጣ አየች። ሁለት ዓመት ሙሉ የገዛ እጇን ስትረግም ኖራለች።

በማግስቱ ከቀብር መልስ ቤቱን ጠረገች፤ ቢላም አነሳች። ሁለት አንጓ ያለው ሐረግ ቆርጣ በዚያ ቅጠል ቦታ ልትተክል አስባ ቅጠሉን ከጠርሙሱ ጎተተችው። አልወጣም። ሥሩ ተጠምዝዞ የጠርሙሱን ቅርጽ ይዟል፤ ጠርሙሱ ካልተሰበረ አይላቀቅም።

«አንቺ ክፉ አሮጊት!» አለችና አምስቱን የለቅሶ ቀን ያልወጣላት እንባ መጣ።

ቢላውን አስቀመጠች። የቆየውን ውሃ ደፍታ አዲስ ሞላች፤ ቅጠሉንም በእርጥብ ጥጥ ቀስ አድርጋ ወለወለችው።

«ዛሬስ?» አለችው።