ከጅቡቲ የመጣው ካምቢዮ

ታምሬ ከአንደኛው ካምቢዮ ዘይት ያስነካውን ነጭ ጨርቅ ለሦስተኛ ጊዜ ወደ አፍንጫው አስጠጋ። ዘይቱ ቀይ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ የመቃጠል ሽታ ፈጽሞ የለውም። ሲሠራ የኖረ ካምቢዮ እንዲህ ያለ ንጹሕ ዘይት ከየት አመጣ? በጋራዡ ወለል ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡትን ሁለት አውቶማቲክ ካምቢዮዎች ተራ በተራ አያቸው። ከዚያ ደግሞ ባለቤቶቻቸውን አያቸው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ ታምሬ ከጠዋት ጀምሮ ያልጠረጠረው የጋራዡን ድመት ብቻ ነው።

ፍርሃቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። ሕመምተኛ የሚያመላልስበት መኪናው ከቆቦ ወልድያ ሲከንፍ የሚደርስበት የለም፤ ከሮቢት እስከ ዋጃ ባለው ቀጥ ያለ አስፋልት ላይማ ሁሉን ጥሎ ነው የሚሄደው። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ታምሬ ራሱ ያስገጠመው ባለ ተርቦ ሞተር ነው። የድሮው ካምቢዮ ግን ያንን ጉልበት አልቻለውም፣ ባንድ ዓመት ሁለቴ ተቃጠለ። ሁለተኛው ጊዜ የተቃጠለው ምጥ የያዛት ሴት ጭኖ ጎብዬ ላይ ነው። ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ንቅንቅ አይልም። ሴትዮዋን ያተረፋት ከኋላ የደረሰ የጭነት መኪና ነው። ዳግመኛ መንገድ ላይ ከቀረ ማንም ሕመምተኛውን አምኖ አይሰጠውም፤ ሌላ መተዳደሪያ ደግሞ የለውም።

አንደኛውን ካምቢዮ ያመጣው የሚስቱ የእናትነሽ ታላቅ ወንድም ተዋቸው ነው። ባለፈው ሳምንት በአፋር በኩል ከጅቡቲ ገባ፣ ውስጡ ተጠናክሮ የተሠራ ነው፣ ሳይቆረጥ ሳይቀጠል ዛሬውኑ ይገጠማል ይላል። ሌላኛው የሜካኒኩ የሸረፈዲን ነው። ከትልቅ መኪና የወጣ፣ እጅግ ከባድ፣ የመኪናው ወለል ላሜራ ካልተቆረጠ የማይገባ ነው። ሁለት ሳምንት ይፈጃል። የተዋቸው ልጅ የሔራን ሠርግ ደግሞ የፊታችን እሁድ ነው፤ ሙሽራዋን ወደ ዋጃ የሚወስዳት የታምሬ መኪና እንደሚሆን ከጥቅምት ጀምሮ ቃል ተገብቷል።

ሸረፈዲን የተዋቸውን ካምቢዮ ዞር ዞር ብሎ አየና አልወደድኩትም አለ። ለምን ሲባል የራሱን ካምቢዮ በጨርቅ መጥረግ ጀመረ። ታምሬ በልቡ፣ እንዴት ትወደዋለህ፣ የራስህን ልትሸጥ ነዋ፣ አለ።

"ጋሼ፣ እስቲ ክዳኑን ልክፈተው፣" አለ ወደ ተዋቸው ዞሮ።

የተዋቸው ፊት ተለወጠ። "ታሽጎ የመጣ ዕቃ ነው። እህቴን ድሬልህ፣ ዛሬ ዘይት ታሸትብኛለህ?"

ታምሬ አፈረ። ይቅርታ ብሎ ካምቢዮውን ወደ መኪናው ሊያስጠጋ አቀፈው። ያኔ ጣቱ አንዱ የብሎን ቀዳዳ ውስጥ ገባ። ሲያወጣው ጥፍሩ ሥር ደቃቅ አፈር አለ። በአውራ ጣቱ ፈተገው፣ እንደ ዱቄት ሆነ። መሀሉ ላይ አንዲት የማሽላ ቅጠል ብጣሽ ነበረች።

ይህን አፈር ያውቀዋል። የደጋው ዝናብ የሚያወርደውን ጎርፍ ከአባቱ ጋር ወደ ማሽላ ማሳ ሲጠልፍ ነው ያደገው፤ ጎርፉ ሲሸሽ ጥሎት የሚሄደው ደለል ይኸው ነው። ጅቡቲ ማሽላ እንደሚዘራ አልሰማም። ነሐሴ ላይ የጎሊና ወንዝ አንድ መኪና ወስዶ፣ ሳምንት ሙሉ ደለል ውስጥ ተቀብሮ፣ በገመድ ተጎትቶ መውጣቱ ትዝ አለው። ገመዱን ከጎተቱት አንዱ ተዋቸው ነበር። ደለል የገባበትን ካምቢዮ አጥበው አዲስ ዘይት ቢሞሉት ጥቂት ቀን ይሄዳል፤ ከዚያ ይከዳል።

ተዋቸው ሊያታልለው ነበር። ያለ ጥፋቱ ሲጠረጥረው የዋለው ሸረፈዲንም አሳዘነው። ቢሆንም አልጮኸም፤ የሚስቱ ወንድም ነው፣ ልጁን ሊድር ያለ ሰው ነው። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ቀስ ብሎ ጠየቀው።

"ዛሬ ከተገጠመ እሁድ ሔራን በዚህ መኪና ትሄዳለች አይደል፣ ጋሼ?"

ተዋቸው ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገው። "ለእሷ እንኳ ሌላ መኪና ይዣለሁ። ያንተ አጃቢ ይጭናል ብዬ ነው።"

"መቼ ነው የያዙት?"

"ባለፈው ሳምንት።"

ካምቢዮውን ባመጣበት ሳምንት ማለት ነው። ከደለሉ ይልቅ የታምሬን አንጀት የቆረጠው ይሄ ነው።

"ይውሰዱት፣" አለ። "ለእናትነሽ አልነግራትም። እኔ ግን የምጭነው ምጥ የያዛት ሴት ነው። እሷም የሰው ልጅ ናት።"

ተዋቸው ባጃጅ ጠርቶ ካምቢዮውን አስጫነና ደህና ዋሉ ሳይል ሄደ።

ታምሬ ወደ ሸረፈዲን ዞረ። "አውቀህ ነው ዝም ያልከው?"

"ቀለሙ አላማረኝም እንጂ አላወቅኩም። ብናገርስ፣ የራሱን ሊሸጥ ነው ትለኝ ነበር።"

"ብዬሃለሁ በልቤ።" ታምሬ የሸረፈዲንን ከባድ ካምቢዮ በእግሩ ነካ አደረገው። "እንግዲህ ላሜራው ይቆረጥ። ግን ያንተንም ከፍተን እንየው።"

ሸረፈዲን አልተቀየመም። ባለ አሥራ ሰባት ቁጥር ቁልፉን ከሣጥኑ አውጥቶ ዘረጋለት። "ራስህ ፍታው። እኔ ከፈታሁት አታምነውም።"

ታምሬ ቁልፉን ተቀብሎ ተንበረከከ።