ፊት የሚዞርባት ደሴት

ደሴቶቹ ስንት እንደሆኑ በትክክል የሚያውቅ የለም። መንግሥት አንድ ቁጥር ይናገራል፣ የትምህርት ቤቱ መምህር ሌላ ይናገራል፣ ዓሣ አስጋሪው ደግሞ ባሕሩ ሲሸሽ ይበዛሉ፣ ሲሞላ ያንሳሉ ብሎ ይስቅባቸዋል። ከሩቅ አገር የሚመጡ እንግዶች ግን ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ ማንም ያልረገጠው ደሴት ውሰዱን ይላሉ። የመንደሩ ጀልባ ነጂ ሬናተስም ባለሞተር ጀልባውን አስነስቶ መንደርተኛው ሁሉ ዓሣ ጠብሶ ወደበላባቸው ደሴቶች ይወስዳቸዋል። እነሱም ማንም ያልረገጠው መስሏቸው ደስ ብሏቸው ይመለሳሉ። ኑላር የምትባለውን ደሴት በጣታቸው ሲያሳዩት ብቻ በእምቢታ ራሱን ይነቀንቃል።

ኑላር ከመንደሩ ፊት ለፊት ናት። ሰው ቢቆምባት ከባሕሩ ዳር ሆኖ መለየት ይቻላል። አሸዋዋ ነጭ ነው፣ ኮኮናቷ ፍሬ ተሸክሞ ጎብጧል፤ ግን ተዘግታለች።

የሚለቀመው የባሕር ዛጎል እንዲራባ ሽማግሌዎቹ በደሴቲቱ ዙሪያ፣ ኮራሉ፣ ያ ውኃ ውስጥ ያለው ስለታም የባሕር ድንጋይ፣ በሚያልቅበት ጠርዝ ላይ እንጨት ይተክላሉ። በየእንጨቱ ጫፍ ለጋ የኮኮናት ዘንባባ ያስራሉ፤ ቄሱም ይጸልዩበታል። ሳሲ ይሉታል። ከዚያ ወዲያ ዘንባባው እስኪወርድ ድረስ ከእንጨቶቹ አልፎ እግሩን የሚያስገባ የለም። በአጠገቧ በጀልባ የሚያልፍ እንኳ ፊቱን ያዞራል፤ ያየ ይመኛል፣ የተመኘ ይነካል ይባላልና። የነካ ሰው ደግሞ ራሱ ቢቀጣ ደግ ነበር። የሳሲ ክፋቱ የሚወስደው ሰውየው የሚወደውን መሆኑ ነው። ኮርኔሊስ የሚባል ጎረቤት አንድ ቅርጫት ዛጎል ሰርቆ በገባ በወሩ የልጁ ሆድ ተነፍቶ ሞተ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ይሄ በሽታ ነው፣ ስምም አለው ብላ ብትለፈልፍ ማን ሰምቷት። የሬናተስ ሚስት ዌልሚና የልጁን ሬሳ ካጠቡት ሴቶች አንዷ ነበረች። ያ የተወጠረ ትንሽ ሆድ እጇ ላይ ቀርቶባታል።

እንግዲህ የዌልሚና ባል ሬናተስ እንግዶቹን ወደብ አድርሶ ሲመለስ ነፋስ ተነስቶ የጠፋው ኑላር እንዲህ በተዘጋችበት ወራት ነው።

ጀልባ ያለው ሁሉ ፍለጋ ወጣ። ደቡቡን አሰሱ፣ ሰሜኑን አሰሱ፣ ስም ያላቸውንና የሌላቸውን ደሴቶች ሁሉ እየዞሩ ተጣሩ። ያገኙት የጀልባውን አንድ ሳንቃ ብቻ ነው። ዌልሚና ሳንቃውን አወቀችው፤ ሰማያዊውን ቀለም የቀባችው እሷ ነበረች። የስድስት ዓመት ልጃቸው ዶርቺ የእናቷን ቀሚስ ይዛ አባዬ መቼ ነው የሚመጣው ትላለች፣ እናቷም ነገ ትላለች። በማግስቱም ነገ አለች።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የሬናተስ ታናሽ ወንድም ቶቢያስ ከፍለጋ ተመለሰ። ፊቱ አመድ መስሏል። ጀልባውን እንኳ ሳያስር በአሸዋው ላይ ተቀመጠ።

«ጠራኝ፣ እትዬ» አላት። «ከኑላር በኩል፣ ከወዲያኛው ፊት ስናልፍ ጠራኝ።»

«ማን ነው የጠራህ?»

«ድምፁ የእሱ ነው። ግን እዚያ ሰው የት አለና? ሙታን ናቸው። የሰጠመ ሰው ድምፅ ይዋሳሉ።»

«ዞረህ አላየህም?»

«ወደተዘጋ ደሴት? እኔም እኮ ልጆች አሉኝ። ሁላችንም ፊታችንን አዙረን ሞተሩን ባለ በሌለ ኃይሉ ለቀቅነው።»

ዌልሚና ምን ብሎ እንደጠራው ጠየቀችው። ቶቢያስ አንገቱን ደፋ፤ ጆሮዎቹ፣ እግዜር ሲሰጠው ሳይለካ የሰጠው እነዚያ ጆሮዎች፣ ቀሉ።

«‘አንተ ጆሮ ሰፊ፣ ዙር እንጂ! ይህን ሁሉ ጆሮ ለምን ተሸከምከው?’ ነው ያለኝ።»

ሳቅ አፏ ድረስ መጥቶ ወደ ለቅሶ ተለወጠባት። ሙታን ድምፅ ይዋሱ ይሆናል፤ ይሄ ስድብ ግን የባሏ ነው፤ ወንድሙን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰድበው የኖረው በዚሁ ነው። ሬናተስ በሕይወት አለ። ያለውም ማንም በማይፈልግበት ቦታ ነው።

ዘንባባውን ወደሰቀሉት ሽማግሌ፣ ወደ አባባ ያኮሙስ ሮጠች። እግራቸው ላይ ወድቃ ደሴቲቱን ክፈቱልኝ አለች። ሽማግሌው ክፉ ሰው አይደሉም፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ግን ሳሲን ሽማግሌዎች ሁሉ ተሰብስበው፣ ቄሱ ጸልየው እንጂ አንድ ሰው እንደማያወርደው ነገሯት፤ ቄሱ ደግሞ ለሌላ ደሴት ቅዳሴ ሄደዋል፤ የሚመለሱትም እሑድ ነው።

«እሑድ ድረስ ይሞታል፣ አባባ።»

«ልጄ፣ ሬናተስን ዋና ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ግን እስኪ እይው፣ ያ አሸዋ ባዶ አይደለም? ጭስ የለ፣ ጥላ የለ። ሰው ቢኖርበት ኖሮ ወደ መንደሩ ዞሮ እጁን አያወዛውዝም ነበር? ዶርቺን አስቢያት። ልጅሽን በሬሳ አትቀይሪ።»

ይህ ነበር ከሁሉ ያስፈራት። አሸዋው እውነትም ባዶ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ስታየው ውላለች፣ የወፍ ጥላ እንኳ አላየችም።

ቶቢያስን በውጭው ባሕር ዞረን ከሩቅ እንይ ብላ ለመነችው፤ አልደፈረም። ሌሎቹም አልደፈሩም። እሷ ያላት አንዲት ትንሽ ታንኳ ናት፤ ያቺ ታንኳ ደግሞ የውጭውን ማዕበል አትችልም። የምትችለው ከመንደሩ ፊት ለፊት ያለውን ረጋ ያለ ውኃ ነው፤ እሱን ቀዝፋ፣ ከዚያ ባሕሩ ሲሸሽ በኮራሉ ላይ በእግሯ እየረገጠች ታንኳዋን መጎተት ነው። ማለትም የተዘጋውን ከዳር እስከ ዳር መርገጥ ነው። ባሏን ልታጣ ወይም ልጇን ልትሰጥ፤ ሦስተኛ መንገድ ብትፈልግ አላገኘችም።

ጎህ ሲቀድ ዶርቺን ለቶቢያስ ሚስት ሰጠቻት። ልጅቷ ተኝታ ነበር። ግንባሯን ስትስማት ቀዝቃዛ ነው፤ ቅዝቃዜውን ልቧ ውስጥ አስቀመጠችው፤ ስትመለስም እንዲሁ ይቆየኝ አለች።

እንጨቱ ጋ ስትደርስ ባሕሩ ሸሽቶ ኮራሉ ወጥቷል። ደርቆ የቀላው ዘንባባ በነፋሱ ይንሿሿል። ዌልሚና መቅዘፊያዋን አስቀምጣ «ጥፋቱ የእኔ ነው። በእኔ ይሁን» አለችው። ሳሲ ድርድር እንደማይሰማ እያወቀች ነው ያለችው። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና ወረደች።

ውኃው እስከ ጉልበቷ ነው። ገመዱን ወገቧ ላይ አስራ ጎተተች። ኮራሉ ቅልጥሟን እየላጠ ደሟ ከውኃው ጋር ሄደ። ደግሞ ምን ያህል ዛጎል ነው ያለው! በየድንጋዩ ላይ አንዱ ባንዱ ተደራርቧል፤ ዓሣው ሰው አላየምና አይሸሽም፣ እግሯን እየታከከ ያልፋል። በሌላ ቀን ቢሆን ሲሳይ ነው ብላ እልል ትል ነበር። ዛሬ ግን ያ ሁሉ ሕይወት እሷን የሚያያት መሰላት። እያንዳንዱን እርምጃ ስትረግጥ የኮርኔሊስ ልጅ ሆድ ይታያታል።

አሸዋው ጋ ደርሳ የሰው ዱካ ፈለገች። አንድም የለም፤ ያለው የሸርጣን ዱካ ብቻ ነው። ያኔ ነው ፍርሃት ሙሉ በሙሉ የያዛት። አባባ ያኮሙስ ልክ ነበሩ፤ ሰው የለም፤ ልጇን ለባዶ አሸዋ ሰጥታለች። መመለስ አማራት፣ ግን ያፈሰሱት ውኃ አይታፈስም፣ የረገጠችውንም ረግጣዋለች። ታንኳዋን እየጎተተች በደሴቲቱ ጫፍ ዞራ ወደ ውጭው ጠርዝ ሄደች።

ሳል ሰማች።

ሬናተስ ከመጨረሻው እንጨት ወዲያ ነበር። ከእንጨቱ ውጭ፣ ማዕበሉ በሚሰበርበት ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ በሸሚዙ ወገቡን ከእንጨቱ ጋር አስሯል። ባሕሩ ሲሞላ አንገቱ ድረስ ይመጣበታል፣ ሲሸሽ ድንጋዩ ላይ ይቀመጣል። የዝናብ ውኃ በመዳፉ እያቆረ ጠጥቷል። ከንፈሩ ተሰንጥቋል፣ ዓይኖቹ በጨውና በፀሐይ አብጠው ተከድነዋል። ከጀርባው፣ ድንጋይ ቢወረውር በሚደርስበት ቦታ፣ ውኃ የሞላው ኮኮናት በዛፉ ጥላ ሥር ወድቆ ተኝቷል።

«ማነው?» አለ።

«እኔ ነኝ።»

«ዌልሚና? ቁሚ። እንጨቱን እንዳታልፊ። በውጭ በኩል ነው የመጣሽው አይደል?»

ዌልሚና ከእንጨቱ ወዲህ፣ በተዘጋው ውኃ ውስጥ ቆማለች። ዘንባባው ከራሷ በላይ ይንሿሿል።

«በውጭ ነው» አለችው።

«አልገባሁም» አለ ሬናተስ። ድምፁ የሽማግሌ ሆኗል። «አንድ እግሬን አላስገባሁም። ኮኮናቱ ሲወድቅ እሰማው ነበር። ጥሙ ሲብስብኝ ደግሞ ዶርቺ፣ ዶርቺ እላለሁ። እሷን ማን ይነካታል እያልኩ ቆየሁ።»

ዌልሚና ቋጠሮውን በጥርሷ ፈታችው፣ አቅፋ ታንኳው ውስጥ አስተኛችው፣ ያመጣችውን ውኃ በጥቂት በጥቂቱ አጠጣችው። የውጭውን ባሕር አየችው። ማዕበሉ ቤት ያክላል። በመጣችበት ከመመለስ በቀር ምርጫ የላትም፤ ገመዱን ወገቧ ላይ አስራ እንደገና ረገጠች።

ሬናተስ በጀርባው ተኝቶ «ባሕሩ ዛሬ ረጋ ብሏል» አለ።

«ረጋ ብሏል።»

«በዚህ ወራት? በዚህ በኩል?»

«እግዜር ነው ያረጋልን።»

የታንኳው ሆድ ኮራሉን ፋቀው። ዌልሚና ትንፋሿን ያዘች።

«ምንድነው የሚንሿሿው?»

«መቅዘፊያው ነው። ተኛ አሁን።»

ተኛ። እሷ ግን ያን ውኃ እስክትጨርስ ድረስ እያንዳንዱን እርምጃ እንደ ሌባ ቀስ ብላ ረገጠች፣ እያለቀሰችም ድምፅ አላሰማችም።

መንደሩ በእልልታ ተቀበላቸው። ማንም የመጣችበትን መንገድ አላየም፤ ታንኳ በኑላር አጠገብ ሲያልፍ ሁሉም ፊቱን አዙሮ ነበርና። ቶቢያስ የወንድሙን እግር ይዞ ሲያለቅስ ሬናተስ «አንተ ጆሮ ሰፊ» ብሎ ፀጉሩን ጎተተው፣ ሰውም ሳቀ። ሬናተስ ከእንጨቱ ውጭ እንደቆየ ሲናገር ሴቶች ደረታቸውን ይዘው አምላክን አመሰገኑ። እውነትም፣ ማንም ደፍሮ ዞር ብሎ ቢያይ ኖሮ ሳሲም ሳይነካ ባሏ በመጀመሪያው ቀን በተገኘ ነበር።

አባባ ያኮሙስ ግን ሬናተስን አላዩም። የዌልሚናን እግር ነው ያዩት። ቅልጥሟ ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት ተልጧል፤ ቀዝፋ የመጣች ሴት እንዲህ አትላጥም። ቀና ብለው ዓይኗን አዩ፣ እሷም አየቻቸው። ወደ ዶርቺ ሄደው እጃቸውን ራሷ ላይ ጫኑና መጸለይ ጀመሩ፤ ጸሎቱም ረዘመ፣ ልጅቷ እስክትሰለችና እስክትቁነጠነጥ ድረስ ረዘመ። ዌልሚና ቀሚሷን ወደ ታች ጎትታ እግሯን ሸፈነች። ሆድ ይፍጀው አለች።

እቤት ገብተው ሬናተስ የካሳቫ ገንፎ በማንኪያ ሲቀምስ ዶርቺ ጭኑ ላይ ወጥታ ተቀመጠች። ፊቷን በጣቱ እየዳሰሰ ሳቀ። ሁለት ቀን የተጠማሁት ለዚህች አፍንጫ ነው ይላል፤ እንግዲህ ምንም አይነካትም፣ ቃሌን ጠብቄያለሁ ይላል። ዌልሚና ምድጃው ጋ ቆማ ልጅቷን ታያለች። ዓይኗን ከልጅቷ ላይ ማንሳት አቅቷታል።

«እማዬ፣ ለምንድነው እንደዚህ የምታዪኝ?» አለች ዶርቺ፣ ከዚያም አነጠሰች።

«ይማርሽ» አለ አባቷ እየሳቀ።

ልጅቷ ደግማ አነጠሰች።