ለእምቢልታ የተቃኘ ጊታር

ዚነት ባሽር ስለ ሙዚቃ ስታወራ ከዘፋኙ አትጀምርም። ከጥግ ከሚሰማው እንግዳ ድምፅ ነው የምትጀምረው። ደባርቅ ውስጥ ፕሮግረሲቭ ሮክ የሚባለውን፣ ረጅሙንና ምቱ መንገድ ላይ የሚቀያየረውን ሙዚቃ የሚወዱ ሰዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ከእነሱም መካከል ጊታሩን ትታ ዋሽንቱን፣ ቫዮሊኑን፣ ረጃጅሙን የብረት ደወል፣ ቁልፉ ሲነካ በቴፕ የተቀዳ ድምፅ የሚያሰማውን አሮጌ ሜሎትሮን የምትከታተል እሷ ብቻ ነበረች።

«ጊታርማ ሁሉም ጋ አለ» ትላለች። «ባንድ የምወደው ማንም ያላሰበውን መሣሪያ ይዞ ሲመጣ ነው።»

እሷ ራሷ ቤዝ ጊታር ትጫወታለች። ባንዳቸው «ጭላዳ» ይባላል። ጊታሩን የሚጫወተው ጥበብ፣ ድራሙን የሚመታው ደግሞ ሰይፈ ሥላሴ ነው። ሦስቱም አንድ ሰፈር ያደጉ፣ አንድ ትምህርት ቤት የተማሩ ናቸው። የሚለማመዱት የዚነት አባት አቶ ባሽር ከሚሠሩበት የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ጀርባ፣ መጋዘኑ ውስጥ፣ በቆርቆሮና በቧንቧ መካከል ነው። ድራሙ ሲመታ ቆርቆሮው አብሮ ይንቀጠቀጣል። ደንበኛ ሲመጣ አቶ ባሽር ግድግዳውን መታ መታ ያደርጋሉ፤ ያን ጊዜ ልጆቹ ዝም ይላሉ።

አንድ ዓመት ጎንደር ላይ በሚደረግ የወጣቶች የሙዚቃ ውድድር ተጋበዙ። ያዘጋጁትን ሥራ «ሊማሊሞ» ብለውታል። ከደባርቅ ቁልቁል የሚወርደውን ጠመዝማዛ መንገድ ይከተላል፤ ምቱ በሰባት እየተቆጠረ ይሄዳል፣ በየመታጠፊያው ደግሞ ይለወጣል። መሐሉ ላይ ጉም መንገዱን ሲሸፍነው ጊታሩም ድራሙም ዝም ይላሉ። በዚያ ዝምታ ውስጥ አንድ ነገር መሰማት ነበረበት። ምን እንደሆነ ግን አልተስማሙም።

«ከኪቦርድ ላይ ቫዮሊን እናስገባ» አለ ጥበብ።

«እምቢልታ ነው የሚያስፈልገው» አለች ዚነት።

«እምቢልታ? አዋጅ ልናስነግር ነው?» ብሎ ሰይፈ ሥላሴ ሳቀ።

ዚነት አልሳቀችም። ትንሽ ልጅ ሆና በጎረቤት ሠርግ ላይ ሰምታዋለች። የነፊዎቹን መልክ አታስታውስም፤ ድምፁ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲወረወር ግን እስካሁን ጆሮዋ ውስጥ አለ። እናቷን ወይዘሮ ዘኪያን ብትጠይቃቸው፣ ነፊዎቹ የዳባት ሰዎች እንደነበሩና አንደኛው ደርቤ እንደሚባሉ ነገሯት።

ሦስቱም ሚኒባስ ተሳፍረው ወደ ዳባት ሄዱ።

አቶ ደርቤን ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ግቢያቸው አጥር ሲያጥሩ አገኟቸው። ረጅም፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ሽማግሌ ናቸው። የመጡበትን ጉዳይ ሰምተው ሲያበቁ ወደ ቤት ገቡና በጨርቅ የተጠቀለለ ረጅም ቀርከሃ ይዘው ወጡ።

ጥበብ ተቀብሎ አገላብጦ አየው። «ጣት የሚያርፍበት ቀዳዳ የለውም።»

«የለውም» አሉ አቶ ደርቤ። ከንፈራቸው ላይ አድርገው ነፉት። ሰፊ፣ ከባድ ድምፅ ወጣ፤ ከማዶው መንደር ውሻ ጮኸ። ደግመው ነፉ። ያው ድምፅ ነበር።

«ይኸው ነው?» አለ ጥበብ።

«የኔ ድርሻ ይኸው ነው። እምቢልታ ብቻውን ዜማ የለውም፣ ልጄ። የኔ አውራ አለ፣ የማ አለ፣ ደፍ አለ። ሦስቱም በየራሳቸው ድምፅ ይጠባበቃሉ። ጓደኛህ ሲጥል ትቀበላለህ፤ ተቀብለህ ለሌላው ትሰጣለህ። ዜማው የማናችንም አይደለም፣ የሦስታችን ነው።»

ዚነት ይህን ስትሰማ፣ በሰባት ምት ላይ ሦስት ሰው ዜማውን እየተቀባበለ ሲሄድ ወዲያው ታያት። «ሌሎቹ የት አሉ ጋሼ?»

«ያርጋል ዐረፈ፣ ነፍሱን ይማረው። ደፉን የሚነፋው እሱ ነበር። ሌላው፣ የማ ነፊው፣ አለ፤ ወንድሜ ነው። ለኔ ግን የለም።»

«የያርጋልን ድርሻ እኔ ልማረው?»

አቶ ደርቤ ትክ ብለው አዩዋት። «ሴት ልጅ እምቢልታ ስትነፋ አይቼ አላውቅም።»

«እኔም አላየሁም» አለች።

አልተቆጡም፤ አልፈቀዱላትምም። ልትሄድ ስትል ግን የያርጋል ድርሻ እንዴት እንደሚል እንዲያሰሟት ለመነቻቸው። «እሱን ማን ይከለክላል» ብለው፣ አጥሩን ተደግፈው፣ የሟች ጓደኛቸውን ድርሻ በአፋቸው አሰሟት። እሷም እስከ ደባርቅ ድረስ መንገዱን ሙሉ በልቧ እየደጋገመችው ሄደች።

በማግስቱ ከአባቷ ሱቅ የፕላስቲክ ቧንቧ ወስዳ ቆረጠች። መጀመሪያ የወጣው ነፋስ ብቻ ነበር። ከንፈሯ ደረቀ፣ ራሷን አዞራት።

«ቧንቧው የመጣው ለውኃ ነበር» አሉ አቶ ባሽር ሚስማር እየመዘኑ።

«እኔ የምፈልገው ድምፅ ነው አባዬ።»

እሳቸውም ቀና ብለው ዐይተዋት ወደ ሚዛናቸው ተመለሱ። ከብዙ ቀን ልፋት በኋላ አንድ ከሰዓት ላይ ቧንቧው ድንገት ጮኸ። ድምፁ መጋዘኑን ሞላው፤ ቆርቆሮው ሁሉ አስተጋባ። ሱቁ ውስጥ የነበረ ገበሬ ደንግጦ «ምንድን ነው እሱ?» ሲል ዚነት ከግድግዳው ወዲያ ሆና ሰማች።

«ልጄ ናት» አሉ አቶ ባሽር። ከዚያ በላይ አላብራሩም። ድምፃቸው ግን ደስ ያለው ሰው ድምፅ ነበር።

የአቶ ደርቤ ወንድም አቶ አሻግሬ ተራራው ላይ ባለው ጨነቅ ካምፕ ለቱሪስት በቅሎ እንደሚጭኑ ሰው ነግሯት፣ ወደዚያ ቆርቆሮ ይዞ በሚወጣ የአባቷ ደንበኛ መኪና ሄደች። ስትደርስ የበቅሎ ጭነት እያጠበቁ ነበር። ከወንድማቸው አጠር ይላሉ፣ ችኩልም ናቸው።

«ደርቤ ላከሽ?»

«አልላኩኝም። እንደመጣሁም አያውቁም።»

አቶ አሻግሬ ገመዱን ሳይለቁ ነገሯት። ያርጋል የሞተ ዓመት ሠርግ ተጠርተው፣ እሳቸው በሟቹ ቦታ ሌላ ነፊ ይዘው መጡ። ደርቤ «መቃብሩ ሳይደርቅ!» ብለው እምቢልታቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም።

«እሱ ጓደኛው እንዳይረሳ ፈለገ» አሉ። «እኔ ደግሞ ሙያው አብሮ እንዳይቀበር ነው የፈለግሁት። አሁን አንቺን የሚቀበልሽ ይመስልሻል?»

«አላውቅም። ደፉን ግን ይዤዋለሁ» ብላ ቧንቧዋን አወጣች።

በበቅሎዎቹ መሐል ቆማ ነፋች። በቅሎዎቹ ጆሯቸውን ቀሰሩ፤ ድንኳን የሚተክሉት ሰዎች ዞረው አዩ። የአቶ አሻግሬ እጅ ገመዱ ላይ እንዳለ ቆመ።

«ከንፈርሽን አታጥብቂው» አሉ ስትጨርስ። «ያርጋል ላላ ያደርገው ነበር።» ላላ አድርጋ ደገመችው። አቶ አሻግሬ ፊታቸውን ወደ ገደሉ አዞሩና «በገበያ ቀን ዳባት እወርዳለሁ» አሏት።

በገበያው ቀን ዚነትና አቶ አሻግሬ በአቶ ደርቤ አጥር ሥር ተገናኙ። አቶ አሻግሬ እምቢልታቸውን ትከሻቸው ላይ ይዘዋል፤ ወደ ግቢው ግን አልገባም አሉ። ዚነት ብቻዋን ወደ በሩ ቀረበችና ደፉን ነፋች። መልስ የለም። ደግማ ነፋች፤ የያርጋልን ድርሻ፣ ልክ እንደተነገራት፣ ለሌሎቹ ቦታ እየተወች።

በሦስተኛው ላይ ከቤት ውስጥ አውራው መለሰላት።

እሷ ስትጥል እሱ ይቀበላል፤ በሁለቱ መካከል ግን ክፍት ቦታ ነበር፣ ጥርስ እንደጎደለው አፍ። አቶ አሻግሬ ሊታገሡት አልቻሉም። የማውን ከትከሻቸው አውርደው ገቡበት። ያን ጊዜ ዜማ ሆነ። አቶ ደርቤ እምቢልታቸውን ከከንፈራቸው ሳያነሱ ወደ ደጅ ወጡ፤ ልጅቷን አዩ፣ ወንድማቸውን አዩ፣ አላቆሙም። ሦስቱ አብረው ጨረሱ።

«አያ» አሉ አቶ አሻግሬ።

«አሁንም ቶሎ ትገባለህ» አሉ አቶ ደርቤ።

«አንተ ነህ የምትዘገየው።»

ሁለቱም ሳቁ፤ ከዚያ ተቃቀፉና ረጅም ጊዜ አልተላቀቁም። ዚነት ዐይኗን ወደ መሬት ጣለች። አቶ ደርቤ ወደ ቤት ገብተው አንድ ሌላ እምቢልታ ይዘው ተመለሱ። የያርጋል ሚስት የሰጠቻቸው ነው።

«የሱ ነው» አሏት። «ምንም አልሆነ፤ የሚነፋው ሰው ነው ያጣው። እንኪ።»

ሁለቱ ወንድማማቾች ለውድድሩ ሊነፉ ተስማምተው መጋዘኑ ውስጥ ልምምድ ሲጀመር ሌላ ችግር መጣ። የእምቢልታዎቹ ድምፅ ከጊታሩ ጋር አልገጠመም። ከጊታሩ ድምፅ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ግን ሙሉ አንድ ድምፅ ያህል አይወርድም።

«ትንሽ ቢቆረጡ ይስተካከላሉ» አለ ጥበብ።

አቶ አሻግሬ እምቢልታቸውን ወደ ደረታቸው ሳቡ። ዚነት የቤዟን ክር ማላላት ጀመረች፤ ከአውራው ድምፅ ጋር እስኪገጥም አላላችው። ሰይፈ ሥላሴ ወደ ጥበብ ዞሮ ጠበቀ። ጥበብ ጊታሩን ይዞ ቆየና «እስኪ ጋሼ፣ ድምፁን ይስጡኝ» አለ። አቶ ደርቤ ነፉ፤ ጥበብ ቃኘ። እንደገና ነፉ፤ እንደገና ቃኘ። ሲገጥም ጊታሩ ከዚያ በፊት ያልነበረው ጥልቅ ድምፅ ሰጠ፤ ጥበብ ራሱ ተገርሞ ክሩን ደጋግሞ መታው። «ይኼ እኮ የኛ ድምፅ ነው» አለ።

ወደ ጎንደር ሲሄዱ አቶ ባሽርና ወይዘሮ ዘኪያም ሱቁን ዘግተው አብረው ሄዱ። አዳራሹ ጀርባ አንድ አስተባባሪ መጣና ሽማግሌዎቹን አየ።

«በጣም ቆንጆ ነው» አለ። «አባቶች በባህል ልብስ በሩ ላይ ቆመው ለማድመቂያ ትንሽ ይንፉልን፤ ከዚያ መድረኩን ለባንዱ ይልቀቁ።»

የአቶ ደርቤ ፊት ጠቆረ፤ ግን እንግዳ ናቸው።

«ባንዱ እኮ እነሱ ናቸው» አለች ዚነት።

«እህቴ፣ መድረኩ ጠባብ ነው።»

«እንግዲያው እኛም በሩ ላይ እንጫወታለን። ድራሙን ወደዚያ እናወጣለን።»

ሰይፈ ሥላሴ ነገሩን ሰምቶ ድራሙን ማንሳት ጀመረ። ጥበብም ገመዱን መጠቅለል ያዘ። አስተባባሪው ሁሉንም በየተራ አየና «እሺ፣ ግቡ» አለ።

መሐል መድረክ ላይ ቆሙ፤ ሁለቱ ወንድማማቾች በግራና በቀኝ፣ ዚነት በመካከላቸው፣ ቤዟን በትከሻዋ አንግታ፣ የያርጋልን እምቢልታ በእጇ ይዛ። ጊታሩ ቁልቁለቱን ጀመረ፤ ድራሙ በሰባት እየታጠፈ ወረደ። ጉሙ ላይ ሲደርሱ ሁሉም ዝም አለ። አቶ ደርቤ ያን አንድ ድምፅ ነፉ። ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ሳቀ። የማው መለሰ። ዚነት ጣለች፣ አውራው ተቀበለ፣ የማው ወሰደ፤ ድምፁ ከግራ ወደ ቀኝ መሮጥ ሲጀምር ያ ሰው መሳቁን ተወ። ሰይፈ ሥላሴ ቀስ ብሎ ሰባቱን ምት ከሥራቸው አነጠፈላቸው፤ ጥበብ ዝቅ ባለው ጊታሩ ገባ። ዚነት በዚያች ደቂቃ የምትወዳቸው የሩቅ አገር ባንዶች ሁሉ ቢሰሟት ተመኘች። እንዲያሞግሷት አልነበረም፤ እኛም አለን ልትላቸው ነበር።

ሲጨርሱ የመጀመሪያው እልልታ ከወይዘሮ ዘኪያ አፍ ወጣ፣ ሌላውም ተከተላት፣ ሰው ሁሉ ተነሣ። አቶ ባሽር ቆመው ያጨበጭቡ ነበር፤ ዐይናቸውን መጥረጉን እንኳ ረስተዋል።

አንደኛ አልወጡም። ዋንጫውን የወሰደው ጥሩ ድምፅ ያለው የጎንደር ልጅ ነው፤ ዚነትም ሄዳ እጁን ጨበጠችው። ውጭ ግን ሰው የከበበው ሽማግሌዎቹን ነበር። የሙዚቃ ተማሪዎች «የት እንማረው?» እያሉ ሲጠይቁ አቶ አሻግሬ የጨነቅን መንገድ፣ አቶ ደርቤ የዳባትን መንገድ ያመለክታሉ፤ በዚያም ላይ ተከራከሩ።

በማግስቱ ወደ ደባርቅ ሲመለሱ ሚኒባሱ አምባ ጊዮርጊስ ላይ ቆመ። ሻይ ቤት ተቀምጠው ሳሉ አንድ እህል ነጋዴ አቶ ደርቤን ከድሮ አውቋቸው ሰላም አላቸው።

«ዳግመኛ ትነፋላችሁ ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።» አቶ ደርቤ በእጃቸው አመለከቱ። «ይህ ወንድሜ ነው፣ የማ ነፊ። እነዚያ ድራምና ጊታር የሚመቱ ናቸው። ይቺ ደግሞ ዚነት ባሽር ትባላለች። ደፍ ነፊያችን ናት።»

እንዲያው ነው ያሉት፤ «ሴት ብትሆንም» አላሉም፣ «ልጅ ናት ግን» አላሉም። ዚነት የያዘችውን ብርጭቆ አስቀምጣ ቀና ብላ ተቀመጠች።

«ጥር ላይ ልጄን እድራለሁ» አለ ነጋዴው። «ሦስታችሁ ትመጡልኛላችሁ?»

አቶ ደርቤ ወደ ጥበብና ወደ ሰይፈ ሥላሴ ዐዩ። «አምስት ነን» አሉ። «ሰፋ ያለ ዳስ ጣልልን።»